የአሸዋ እህት

ጥቅምት 4

…ብረቱን ከለቀቅኩ በኋላ፣ ያንተ እጅ ገና ሳይደርስ፣ በመሃል ያለችው ያቺ ባዶ ጊዜ። ትናንት ዕቃ ሳጥብ ድንገት ትዝ አለችኝ። ሁልጊዜ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚታወሰኝ። መያዝህ አይታወሰኝም። ይህን ሁሉ ዓመት የሰርከስ ዥዋዥዌ ላይ አብረን ስንሠራ ሳትይዘኝ የቀረህበት ቀን የለም፤ ትዝታዬ ግን እዚያው አየር ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ። እማዬ ከሳሎን ሆና፣ «አሁን ደግሞ ምን ሰበርሽ?» አለች።

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር በለኝ፣ ወንድም ጋሼ። እንደምን ከረምክ? ትከሻህ እንዴት ነው? የሰርከሱ ሰዎች ሁሉ ደህና ናቸው? አለቃችን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ገመዱን ሁሉ በጥፍራቸው እየፋቁ ይመረምራሉ? እኛ ደህና ነን። ልጁ ይጠባል፣ ያድጋል፤ ከሰሞኑ ብቻ እንቅልፍ እምቢ ብሎናል። አባቱ የጭነት መኪናውን ይዞ እንደወጣ ነው። ሲመጣ ልጁ ያለቅስበታል፤ እሱም እንግዳ መሆኑን ስለሚያውቅ በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፣ ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው።

ለምን አትደውይም ላልከው፣ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር እማዬ ወንበሯን አስጠግታ ትቀመጣለች። ወሬውን ለመስማት አይደለም። ፊቴን ታያለች። ወረቀት ላይ ፊቴ የለም።

ሌላውን ጥያቄህን ስለ አየሩ ጽፈህ ስታበቃ፣ ከታች፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር ጣል ማድረግህ አሳቀኝ። ምን ያሳፍርሃል? ያዥ የበራሪዋን ክብደት ቢጠይቅ ነውር አይደለም። ከመውለዴ በፊት ሃምሳ አንድ ኪሎ እንደነበርኩ ታውቃለህ። አሁን ሃምሳ አራት ነኝ። በእኔ ፈንታ ልትለማመድበት ያሰብከውን ከረጢት ሃምሳ አራት አድርገው። ስመለስ ደግሞ ሃምሳ አንድ እሆናለሁ። ሰፈር ውስጥ ጂም አግኝቻለሁ፤ እማዬ ልጁን ትይዝልኛለች፤ አሰልጣኙም የሚያግዝ ነገር ሰጥቶኛል።

እህትህ
ላባ

ይህን ስም ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ፈርሜበት ትንሽ አየሁት። አሮጌ ቀሚስ ሰውነት ላይ አስጠግቶ እንደማየት።


ጥቅምት 21

ላባዬ፣

ስለ ከረጢቱ ልንገርሽ። ሌላ ወሬ ስለጠፋ ሳይሆን ሌላውን ከየት እንደምጀምረው ስላላወቅኩ ነው።

ድንኳን ከሚሰፋው ሰውዬ ወፍራም ሸራ ለመንኩ። ሁለት እጀታ አበጀለት፣ ያንቺን አንጓ ያህል እንዲወፍሩ በጨርቅ ጠቅልሎ። አሸዋ ሞላሁት፣ ሰቀልኩት። እኔ እንደ ሁልጊዜው ጉልበቴን ብረቱ ላይ አጥፌ፣ ተዘቅዝቄ እጠብቃለሁ፤ ከወዲያ ማዶ ይለቁታል፤ ይመጣል፤ እይዘዋለሁ። ሰዎቹ ወዲያው «እህትህ» አሏት። ቀልደኛው ባለብስክሌት ሻሽ አሰረላት። ትናንት ረፈደብኝና ስገባ አለቃ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እህትህ ከማለዳ ጀምራ ቆማ እየጠበቀችህ ነው። አታፍርም?»

አሸዋ አይተነፍስም። ይህን ነው የማልወድላት። አንቺ ልትለቂ ስትይ አንድ ትንፋሽ ትስቢያለሽ፤ እኔ እጄን የምዘረጋው በዚያ ነው። እሷ ዝም ብላ ትመጣለች።

ስለ አለቃ የጠየቅሽኝን ሳልመልስ አልለፍ። አዎ፣ ገመዱን ዛሬም በጥፍራቸው ይፋቃሉ። ስለ መመለስሽም ተናግረዋል። የመጋቢቱ ትርዒት ማስታወቂያ ከመታተሙ በፊት፣ የካቲት ሲገባ፣ መጥተሽ ከእኔ ጋር አንድ ጊዜ ስትበሪ ያያሉ። ከሆነ ሆነ። ካልሆነ ቦታሽን አዲሷ ልጅ ትይዛለች፤ እሷ አርባ ዘጠኝ ናት፣ አለቃ ይህን ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ክፋት የለባትም። ጥሩ ትበራለች። እኔ ግን በያዝኳት ቁጥር «ይቅርታ» እላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ትከሻዬ ደህና ነው። ሐኪሙ አምና ያለው እንዳለ ነው፤ የሚያውቀውን ይሸከማል፣ ያላሰበው ሲመጣበት ግን ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ሥራው አበቃ። ለዚህ ነው ክብደትሽን የጠየቅኩሽ። ሌላ ነገር የለበትም።

«የሚያግዝ ነገር» ያልሽው ምንድን ነው?

ወንድምሽ


ኅዳር 5

እንክብል ነው። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ። ስፖርት ከመጀመሬ በፊት ሁለት እውጣለሁ። አሰልጣኙ፣ ሰፈሩ «ብረቱ» ነው የሚለው፣ ከትልቅ ጣሳ እየዘገነ በፌስታል ይሰጠኛል። «ስፖርቱን አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ማቃጠሉን እሱ ይሠራል» ይለኛል። «ያለሱ መሮጥ በእርጥብ እንጨት እሳት ማንደድ ነው፤ ጭሱ ብቻ ነው የሚተርፍሽ።» አፉ ማር ነው። አንተስ ትውጣለህ ወይ አልኩት። «እኔ ምን አለኝና ይቃጠላል?» ብሎ ሆዱን በቡጢ መታ። ድም አለ።

ይሠራል፣ ወንድም ጋሼ። በምን አወቅሽ ትለኛለህ። ይሰማኛላ! ከዋጥኩ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ጆሮዬ ይግላል፣ ላቤ ይንቆረቆራል፣ ልቤ ከእኔ ቀድማ ትሮጣለች። ድሮ የሚደክመኝ ቦታ ስደርስ አይደክመኝም። ይህ ሁሉ ሙቀት አንድ ነገር ካላቃጠለ ወዴት ይሄዳል?

እማዬ አታምንበትም። ፌስታሉን መስኮት ላይ አንጠልጥላ በብርሃን አየችው።

«ወፍጮ እህል ሳይገባበት ሲዞር ምን እንደሚበላ ታውቂያለሽ?»

«ምን ይበላል?»

«የራሱን ድንጋይ።»

ተናደድኩ። አንቺ በዕድሜሽ ስፖርት ሠርተሽ አታውቂ፣ ምን ታውቂያለሽ አልኳት። «ሁለታችሁን አዝዬ ደረጃ ስወጣ የኖርኩት ምን መስሎሽ ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ፌስታሉን የማስቀምጠው ካልሲዎቼ መሃል ነው።

ልጁ አሁንም አይተኛም። ጥርስ ነው እንላለን። እማዬ አቅፋው ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን ትመላለሳለች፤ እሱ በትከሻዋ ላይ እንደ ዘበኛ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ሐኪም ዘንድ ወስደነዋል። ምንም የለበትም አለችን። አንቺ የምትወስጂው ነገር አለ ብላ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኳት። ምንም ነው እኮ። መድኃኒት አይደለም።

ከረጢቱን ቀንስለት። ሃምሳ ሁለት ገብቻለሁ።

አዲሷን ልጅ ደግሞ ይቅርታ አትበላት። ይቅርታ የሚል ያዥ ያስፈራል።

ላባ


ኅዳር 22

ላባዬ፣

የላክሽው ደርሶኛል። ሃምሳ ሁለት። እሺ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ጂሙ ውስጥ የሚንጠለጠሉበት ብረት አይጠፋም። ያዢውና እጅሽን አስረዝመሽ ተንጠልጠይ፣ እስከቻልሽ። ከዚያ ጻፊልኝ። በሚዛን የወጣውንና የወረደውን ተዪው፤ ይህንን ብቻ ጻፊልኝ።

ያዥ ከባድ ሰው አያስፈራውም፣ ላባ። ባለብስክሌቱን ራሱን በጨዋታ ይዤው አውቃለሁ፣ ያንን ሁሉ ቦርጭ። የሚያስፈራው ስንት እንደሆነ ያላወቀው ሰው ነው። ሌላው ደግሞ መልሳ የማትይዝ እጅ። እኔ አንጓሽን ስይዝ አንቺም የእኔን አንጓ ትይዣለሽ፤ እንዲያ ነው የምንተርፈው። እኔ ብቻ ከያዝኩ የያዝኩት ሥጋ ነው፣ ሥጋ ደግሞ ያዳልጣል።

ለማስታወቂያው ሁለት ንድፍ አሠርተዋል። አንደኛው ላይ አንቺ አለሽ። ሠዓሊው አይቶሽ ስለማያውቅ አፍንጫሽን የእኔን አድርጎታል።

ልጁ ተኛ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ይቅርታ፣ ይህ አጭር ነው። ልጁ ሲነቃብኝ እተወዋለሁ፣ እናም ሁልጊዜ ንቁ ነው።

ስለ መንጠልጠሉ የጠየቅከኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ብረቱ ቀለም ተቀብቶ ስለነበር ነው።

ሚዛኑ ቆሟል። የሚወርደው ወርዶ ቆመ። አሰልጣኙ «ሰውነትሽ ለምዶታል፣ ሦስት አድርጊው» አለኝ። ሦስት አደረግኩት።

ስለ ልቤ እንዳታስብ። ደህና ናት። ትሮጣለች እንጂ አትታመምም። አንዳንዴ ደረጃው መሃል ላይ ትንሽ እቀመጣለሁ፣ ሰው ሲያልፍ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ትናንት ሰላም ብላኝ አለፈች። ከዚያ ዞር ብላ እግሬን አየች። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግኩት።

አትጨነቅ። ከረጢቱ ሃምሳ ሁለት ላይ ይቆይ።

ላ.


ታኅሣሥ 14

ከዚያች አጭር ደብዳቤሽ ወዲህ ምንም አልደረሰኝም።

ዛሬ ብረቱ ላይ ሳለሁ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ስወርድ ጸሐፊዋ፣ «እናትህ ናቸው፤ ሁሉም ደህና ነው፣ እንዳትጨነቅ በሉልኝ ብለው ዘጉ» አለችኝ። እማዬ ደውላ አታውቅም። ሁሉ ደህና ሲሆን ሰው ለዚህ ብሎ ይህን ያህል አገር አቋርጦ ይደውላል? መልሼ ብደውል የሚያነሳ የለም።

አልቆጣሽም። ምንም ብትይኝ አልቆጣም። ቢያንስ አንድ መስመር ጻፊ። ውሸትም ቢሆን ጻፊ፣ እኔ እቀንስበታለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24

ተኛ።

ሌላውን ሁሉ ከዚህ ቀጥዬ እነግርሃለሁ። ተኛ፣ ወንድም ጋሼ። ትናንት ተኛ፣ ዛሬም ይኸው ከምሳ ጀምሮ ተኝቷል። አጠገቡ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ በየመስመሩ እየቆምኩ ትንፋሹን እሰማለሁ። እማዬ ሶፋው ላይ ከነጫማዋ ተጋድማ ታንኮራፋለች። ቤቱ ዝናብ ያባራለት ጣሪያ መስሏል። ጸጥታው አዲስ ሆኖብኝ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ቧንቧው ተዘግቶ እንደሆነ አየሁ።

እማዬ ያስደነገጠችህ በደረጃው ጉዳይ ነው። አልወደቅኩም፤ ልጁም በእጄ አልነበረም። እነዚህን ሁለቱን ካወቅክ የቀረውን ባልጽፈው ይሻላል። እዚያ ተቀምጬ ዓይኔ ጨልሞብኝ ያገኘችኝ ያቺ የታችኛዋ ጎረቤታችን ናት፣ ፋርማሲ ያላት። ነጭ ጋውኗ ይታየኝ ነበር፣ ፊቷ ግን አልታየኝም። ሐኪም ቤት ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙኝ፤ ልቤን በወረቀት ሥለው አወጡት። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ልብሽ ጤነኛ ናት። ማን እንደሚያባርራት ግን ንገሪን» አለኝ። ነገርኩት።

እንክብሉ ይሠራል እያልኩ ስጽፍልህ ከርሜያለሁ። እውነቱ ይኸው፤ ከእኔ አይደለም። ፋርማሲስቷ በማግስቱ አብራኝ ጂም ሄደች። ጣሳውን አምጣው አለችው። ብረቱ «ምነው እትዬ፣ ቁጥጥር መጣብኝ እንዴ?» እያለ ይስቃል። ጣሳውን አዙራ ጀርባውን አነበበች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

«ካፌይን» አለች። «ቀጥሎ፣ ካፌይን ያለበት ቅጠል። ቀጥሎ፣ ካፌይን ያለበት ፍሬ። ስም የበዛበት ቡና ነው የጠጣሽው፣ እህቴ። አንድ ቴርሞስ ሙሉ በአንድ ጉንጭ።»

«ሰው እየከሳበት እኮ ነው!» አለ ብረቱ። አሁን አልሳቀም።

«ሰዉማ የሚከሳው አንተ ስለምታስሮጠው ነው። ሥራውን ሩጫው ይሠራል፣ ምስጋናውን ጣሳው ይወስዳል።»

ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝኳት። ጭራሽ ምንም አይሠራም ማለትሽ ነው?

«ጭራሽማ አልልሽም» አለች። «ያነቃል። የነቃ ሰው ትንሽ አብዝቶ ይሮጣል። በራሱ የሚያቃጥለው ግን ቢበዛ የአንዲት ብስኩት ያህል ነው፤ እሷንም ላብሽን ጠርገሽ ስትገቢ ትበያታለሽ። እኔም መደርደሪያዬ ላይ አለኝ፣ እንዳትታዘቢኝ። ይጠይቁኛል፣ እሸጣለሁ። ከሸጥኩ በኋላ ግን ይከነክነኛል።»

«ያ ሁሉ ሙቀትስ?»

«ልብሽ ናት።»

«ሚዛኑስ? ወርዶ ነበር እኮ።»

«ላብሽ ነው። ውሃ ስትጠጪ ይመለሳል።»

ትንሽ እንደሄድን ቆመች። «ቆይ፣ ልጁን ጡት የምታጠቢው አንቺ ነሽ?»

መንገዱ መሃል ቆምን። ብስክሌት ጡሩንባውን ነፍቶብን በጎን አለፈ። ምን እንዳለችኝ አልጽፍም፣ ገብቶሃል። በጡቴ ነበር። ያ ሁሉ «ጥርስ ነው»። ያ እንደ ዘበኛ የሚፈጥ ዓይን። የእማዬ እግር፣ ከሳሎን ኩሽና። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ደግሞ እኔ ምንም ብያት ወጣሁ። ይህን አልቅሼ ለፋርማሲስቷ ልነግራት ስል ክንዴን ያዘችኝ፤ «ይወጣለታል፣ ሕፃን ነው፣ ቂም አይዝም» አለችኝ። «ተዪው፣ ይተኛል።»

ተውኩት። ጥቂት ቀን አስጨነቀን። ከዚያ ተኛ።

አሁን ደግሞ ያንተን። ስልሳ አንድ ነኝ። ሃምሳ አራት ስልህም ከስልሳ በላይ ነበርኩ። ሃምሳ ሁለት ስልህ ውሃዬን በላብ አውጥቼ ስልሳ ነበርኩ። አርባ ዘጠኝ የምትባል ልጅ አጠገብህ ቆማ ሳለ ስልሳ የሚለውን ቁጥር እንዴት ብዬ ልጻፈው? አሁን ሳስበው ግን የሚያመኝ ሌላ ነው። በውሸት ከረጢት ስትለማመድ ከርመሃል። ያ ትከሻ ያላሰበው ሲመጣበት ይበጠሳል ብለህ ራስህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ደብዳቤው ካልሲዬ መሃል ከፌስታሉ ጋር ነበር።

የመንጠልጠያው ብረት ቀለም አልተቀባም ነበር። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው የለቀቅኩት።

አሸዋ ጨምርበት፣ ወይም አዲሷን ልጅ ማስታወቂያው ላይ ይሳሏት። የቱንም ብታደርግ አልቀየምህም። ሁለተኛውን ብታደርግ ትንሽ እቀየማለሁ።

ልጁ ተገላበጠ። አይ፣ ተኝቷል።

ላባ


ጥር 7

ላባዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ተዘቅዝቄ ነው። ጸሐፊዋ ወደ ላይ አቀበለችኝ፤ እስክወርድ መጠበቅ አልቻልኩም። መጀመሪያ ደረጃው ጋ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ልጁ ተኛ። ከዚያ ስልሳ አንድ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ተዘቅዝቆ መሳቅ ለማንም አይመከርም፤ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። ባለብስክሌቱ «ሰውዬው ታነቀ!» ብሎ መሰላሉን ተንጠላጥሎ መጣ።

ከረጢቱን ሃምሳ አራት አድርጌው አላውቅም።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ሚዛን አምጥቼ ነበር። ሃምሳ አራት ሞልቼ ቆሜ አየሁት። ከዚያ አንቺን አሰብኩ። በልጅነትሽ ትኩሳትሽ ሲለካ እንኳ ቴርሞሜትሩን አራግፈሽ የምትሰጪ ነሽ። ጨመርኩበት። ሃምሳ ሁለት ገባሁ ስትይ ደግሞ ይበልጥ ጨመርኩበት፤ ላባ ቀነስኩ ካለች ነገሩ ብሶባታል ማለት ነው ብዬ። ደብዳቤ ስትተዪ በየጠዋቱ በጣሳ አሸዋ እየያዝኩ እወጣ ነበር። እማዬ የደወለች ቀን ሁለት ጣሳ። መመዘኑን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ፍርሃቴን ነበር የምሞላው መሰለኝ።

ትናንት አውርጄ መዘንኩት። ሰባ ሦስት።

ሰባ ሦስት፣ ላባ። እማዬን ነው ስይዛት የከረምኩት።

ትከሻዬ ደህና ነው ስልሽ የነበረውም ውሸት ነው። ጠዋት ሸሚዝ ስለብስ እጅጌው ውስጥ ክንዴን የማስገባው በሌላኛው እጄ እየረዳሁ ነበር። እህቴ ከብዳኛለች፣ ምን ላድርግ፣ እል ነበር ለራሴ። አንቺ ወደ ታች ዋሸሽ፣ እኔ ወደ ላይ ጠረጠርኩ፣ እውነቱ መሃል ላይ ያዥ አጥቶ ተንጠልጥሎ ከረመ።

ዛሬ ስልሳ አንድ አደረግኩት፣ አለቃ ራሳቸው ቆመው እያዩ። ለቀቁት፣ መጣ፣ ያዝኩት። ምን ልበልሽ። ትከሻዬ ምንም አላለም። ስወዛወዝ ቆይቼ አልለቅ ስላልኩ «ኧረ ውረድ፣ ሰው ይሠራበት!» አሉኝ።

ለአለቃ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገመዱን በጥፍራቸው አንድ ጊዜ ፋቅ አደረጉት። ከዚያ «የምትዋሽ በራሪና የማያምን ያዥ» አሉ። «እኔ ደግሞ በእርጅናዬ እናንተን በአንድ ገመድ ልስቀል።» የካቲት መግቢያ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ በላይ ቃል አልገቡም፣ እኔም አልለመንኳቸውም። ስልሳ አንድ ትሁን ስልሳ አምስት ግድ የላቸውም፤ እጅሽን ነው ሊያዩ የሚፈልጉት።

ብዪ፣ ተኚ፣ ተንጠልጠይ። ሌላ የሚያግዝ ነገር አታምጪ።

ወንድምሽ


ጥር 18

ሰባ ሦስት!

ደብዳቤህን አጥፌ አስቀመጥኩና ለሁለት ቀን በሆዴ አኮረፍኩህ። ለእማዬ አነበብኩላት። «እኔን?» አለች። «እኔን ነው ያለው? ሚዛኑ ታሞ መሆን አለበት።» ከዚያ ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ አብሯት ሳቀና ተመልሶ ተኛ። ይኸው ዛሬ ድስት ባነሳች ቁጥር «ለሰባ ሦስት ኪሎ ሴት ይህ ምኗ ነው» ትላለች።

እንጠለጠላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አያምሩም ነበር፤ መዳፌ ተልጧል፣ ክንዴ ከእኔ ጋር የተጣላ ይመስላል። አሁን ግን ስይዘው ብረቱ ይያዛል። ልቤም ሲደክመኝ ትደክማለች፣ ስቀመጥ ትቀመጣለች። ይህን የመሰለ ታዛዥ ነገር ደረቴ ውስጥ እንዳለ ረስቼው ነበር። ማልደው ከሚመጡት ሴቶች ጋር እሮጣለሁ፣ ምንም ሳልውጥ፤ እውነት ለመናገር ቀርፋፋ ነኝ፤ ደከመኝ ስል ደክሞኛል ማለት ነው።

አሰልጣኙ ለብዙ ቀን ከሩቅ እያየኝ ያልፍ ነበር። ትናንት ቀረብ ብሎ ለእጄ የሚሆን ነጭ ዱቄት ሰጠኝ፣ እንዳያዳልጠኝ። «ይህም ካፌይን አለበት?» አልኩት። «አንቺ ልጅ ሰው አትምሪም» አለኝ። ጣሳው ከመስኮቱ ተነስቷል። የት እንዳደረገው አልጠየቅኩም።

እስከ የካቲት ሃምሳ አንድ አልሆንም። ይህን ስጽፍ አልፈራሁም። እሺ፣ ትንሽ ፈራሁ።

ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፤ የደህንነት ቀበቶውን አስራለሁ፣ መረቡም ይዘርጋ፣ አልኮራም። የልጁ አባት በጭነት መኪናው ያደርሰናል፤ እማዬም ትመጣለች፣ ልጁን ለማንም አልሰጥም ብላለች። እሱ መኪናውን ሲያዘጋጅ እንደ ልማዱ፣ «ጭነቱ በጠቅላላ ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። እማዬ በዓይኗ ገደለችው።

ላባ


የካቲት 2

ከግድግዳው ወዲያ ነህ። ስትወዛወዝ የገመዱ ሲጢጥታ ይሰማኛል። ሰላም ተባብለናል፣ ሳምከኝ፣ ልጁን ወደ ላይ ወርውረህ እማዬ ተቆጥታሃለች፤ ሆኖም ላንተ ነገር የምናገረው በወረቀት ስለሆነ፣ እጄም ሥራ ስለፈለገ፣ ኮሪደሩ ላይ እማዬ ጎን ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። አለቃ «ገመዱን አይቼ እስክጨርስ» ብለው አግዳሚ ወንበር ሰጥተውናል። በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ መረቡና ግማሽ መሰላል ይታየኛል፣ አንተ ግን አትታይም።

አዲሷ ልጅ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደህና ልጅ ናት፣ እንዳልከው። ፀጉሯን ቋጥራ ስትጨርስ፣ «ካልቻልሽ ቦታው የእኔ ነው» አለችኝ። «እንድትችይ ግን እየጸለይኩ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መፈለግ ይቻላል?» ይቻላል አልኳት። ተነስታ ገባች።

ቀጥለው አለቃ ሚዛኑን ተሸክመው ወጡ። እግሬ ሥር አስቀመጡት። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ያኔ ነው አንተ ከውስጥ የጮህከው፦ «አለቃ! ሚዛኑ እዚህ ተሰቅሏል፣ እሷን ወደዚህ ይላኩልኝ!» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አለቃ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሚዛኑን በእግራቸው ወደ ግድግዳው ገፉት። አልወጣሁበትም። ስንት እንደሆንኩ ዛሬ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።

እጄን እያየሁት ነው። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልቤ ትሮጣለች፣ ግን የራሷን ሩጫ ነው፣ ማንም አላባረራትም። መዳፌ ላይ ዱቄት አለ፣ ወረቀቱን ካቆሸሽኩት ይቅርታ። ልነግርህ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፣ ያን ባዶ ጊዜ በተመለከተ፣ ብረቱን ከለቀቅኩ በኋላ ያለውን፣ እዚያ ላይ ስሆን

ጠራኸኝ። ወረቀቱን ለእማዬ


እናትህ ነኝ። ጭኔ ላይ ጥላልኝ ገባች። ጨርሺው አለችኝ፣ እኔ ምኑን አውቄ እጨርሰዋለሁ። መነጽሬንም አልያዝኩ። ልጁ ተኝቷል። እዚህ ኮሪደር ብርድ አለ። በሩን ክፍቱን ትታው ሄዳ ነበር፤ ልጁ እንዳይበርደው ብላ ከመሰላሉ ሥር ተመልሳ መጣችና ዘጋችው።